ለልጄ፣ ስለ ፎቶግራፎቻችን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ እኛ ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለው ጉግል ፎቶስ አሉ፤ ያን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ጣለው» ያልሽኝን ደጋግሜ አሰብኩበት፤ አልጥለውም፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ላስረዳሽ ወደድኩ።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲያጥለቀልቅ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ፤ ቤታችንም ያኔ ከወንዙ ዳር ነበርና፣ ሰው የሞተበት ጎረቤት እያለ ስለ አልበም ማዘን ቢያሳፍረኝም፣ በጭቃ የተጣበቁትን የክርስትናሽን ፎቶግራፎች ሳላቅቅ ቀለማቸው በጣቴ ላይ ቀረ። የሠርጋችን ፎቶግራፍ የተረፈው ሐረር ያለችው አክስትሽ አንድ ቅጂ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ስለነበር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንኛውም ማስቀመጫ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህኛው ቢጠፋ ሌላው የት አለ?

ጉግል ፎቶስ ጥራታቸው በመጠኑ የተቀነሰ ፎቶግራፎችን ያለ ገደብ በነፃ ይቀበል የነበረው እስከ ግንቦት 2013 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምንጭነው ሁሉ ጂሜይልም ከሚጋራው 15 ጊጋባይት ላይ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ሳይከፈት የቆየ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል፤ እኔ ባልኖር የይለፍ ቃሌን ማን ያውቀዋል? እናትሽ ደግሞ ስልኳ ሲሞላባት «ክላውድ ላይ አለ» ብላ የአጎትሽን ልጅ ሠርግ ሰረዘች፤ ስልኩና ክላውዱ የተያያዙ ናቸውና ከሁለቱም ጠፋ። ከስልኩ ላይ ብቻ ቦታ የሚያስለቅቀው ቁልፍ ሌላ፣ ተራው መሰረዣ ሌላ መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። ደግነቱ ክላውድ ላይ የነበረ ፎቶግራፍ ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን በመጣያው ውስጥ ስለሚቆይ መለስነው።

ሃርድ ዲስኩንም አላምነውም። በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ መውደቅ ይበቃዋል፤ ቤት ከተዘረፈም አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የአያትሽን ፎቶግራፍ የከፈትኩት ከእሱ ነው።

ስለዚህ ክላውዱ ይቀጥል፤ አንቺ ግን ስትመጪ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይዘሽልኝ ነዪ። አንዱ ከእኔ ቁም ሳጥን፣ ሌላው ከአክስትሽ ዘንድ ይሆናል፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስንገናኝ አዲሶቹን ፎቶግራፎች የጫንኩበትን ሰጥቼ የእሷን እቀበላታለሁ። በዚያ ግፊያ ከኪሴ እንዳይወሰድብኝ ግን እናትሽ በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘዋለች።

አባትሽ