የቅርስና የውሃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ስለነበሩት ስብሰባዎች ብዙ አልልም፤ ካርታ አነበብን፣ ፎቶ ለጠፍን። «ሽርሽር ነው» እያሉ ክበቡን ለሚያሙ ወላጆች ግን በደቡብ ፈረንሳይ በኒም ከተማ፣ በምንጩ ዙሪያ ባለው ዣርዳን ደ ላ ፎንቴን በተባለው የአትክልት ስፍራ የሠራነውን ላስረዳ።

ለጨርቅ ሠሪዎች ውሃ ለማብዛት የምንጩ ዙሪያ ሲቆፈር የሮማውያን ፍርስራሽ ተገኘ። የንጉሥ ሉዊ 15ኛ የጦር መሐንዲስ ዣክ ፊሊፕ ማሬሻልም ከ1745 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው ላይ ገንዳዎቹንና ቦዮቹን ዘረጋ። ከሐውልቶቹ ከፊሉ የመጣው ሞንፔሊየ አጠገብ ካለው ከላ ሞሶን ቤተ መንግሥት ነው።

በሴኮንድ ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ለማወቅ ልጆቹ በቦዩ ዳር 10 ሜትር ለክተው ብርቱካን ለቀቁ። ቡሽ አይሆንም፤ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ይገፋዋል፤ ብርቱካን ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ነው። 10ን ለፈጀበት ሴኮንድ ማካፈል ነው። የላዩ ውሃ ከታቹ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85፣ ከዚያ በቦዩ ስፋትና ጥልቀት ማባዛት። ጥልቀቱን ከድልድዩ ላይ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ለካን። ቦዩ ሰፊ በመሆኑ ውሃው ያዘግማል፤ ወደ ዳር የተጠጋ ብርቱካን እዚያው ይቀራል፤ የዚያ ልኬት ይጣላል።

ምንጩ የኖራ ድንጋይ ምንጭ ነው። ከከተማው ወዲያ ባሉት ኮረብቶች የዘነበው በስንጥቁ ሰርጎ ቶሎ ይደርሳል፤ በተለይ በመኸሩ ዝናብ ይሞላል፣ በፈረንሳይ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ይጎድላል፣ የቆመው ውሃም አልጌ አብቅሎ ይለመልማል። የጽዳት ጉድለት አይደለም።

«ምንጭ እያላቸው ሮማውያን ለምን ከኡዜስ ከተማ አጠገብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በቦይ ውሃ ጎተቱ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያልወጣት የ11 ዓመት ልጅ ሽቅብ የሮማውያን ግንብ ቱር ማኝ ወዳለበት ኮረብታ፣ ቁልቁል ወደ ገንዳው አየችና «ቲቸር፣ ምንጩ እኮ ታች ነው! ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ከላይ መምጣት አለበት» አለች። የሮማውያኑ ቦይ ውሃ በከተማው ይደርስ የነበረው በእርግጥም ከምንጩ ከፍ ባለ ቦታ ነው። ከዚህ በኋላ አማርኛ አይገባቸውም የሚል ካለ እኔን ያነጋግረኝ።

የበጋውን ልኬት አልሠራንም፤ የባቡር ገንዘብ ጠፋ። በዝናቡ ወቅት የለካነው ቁጥር ብቻውን ማወዳደሪያ የለውም። ለእግር ኳስ ማሊያ የተገኘው ገንዘብ ለእኛ ለምን እንዳልተገኘ ኮሚቴው ቢያስብበት ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገን 30 ሜትር መለኪያ ሜትር፣ ሁለት የሩጫ ሰዓትና የሐምሌ የባቡር ትኬት ነው። መርዳት የሚፈልግ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ያግኘኝ።