ኪቦርዱ ማን እጅ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሴቶችና የቴክኖሎጂ ወሬ ይሞቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የኤፕሪልን አራተኛ ሐሙስ ለልጃገረዶች ሰጥቶታል። ደግ አደረገ። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ማክሰኞ ማታ ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የኔትወርክ ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ከሃያ ሁለታችን ስድስታችን ሴቶች ነን። ኮምፒውተሩ ስለማይበቃ ለሁለት አንድ ይደርሰናል። አሠልጣኙ "ጀምሩ" ሲል ኪቦርዱን ወደ ራሱ የሚስበው ወንዱ ነው። ማንም አላዘዘውም። እኛ ደግሞ ደብተር እንገልጣለን፤ እኛንም ማንም አላዘዘንም። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ክፉ አይደለም። "ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ማስታወሻ ያዢልን" አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ያዝኩ። ወር ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ ደብተሬን ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

ከዚያ የተግባር ፈተና መጣ፤ የኔትወርክ ኬብል መሥራት። የስምንቱን ሽቦ ቅደም ተከተል በቃሌ እወጣዋለሁ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... ክሪምፐሩን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ፣ ኮኔክተሩን፣ ጨምቆ የሚያያይዘውን መቆንጠጫ) ስጨብጥ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ሁለት ኮኔክተር አበላሽቼ ወጣሁ። ደብተሬን ፎቶ ያነሱት አለፉ።

"ሴት ለዚህ አልተፈጠረችም" የሚል ካለ፣ በ1946 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ኤንያክ የተባለው ኮምፒውተር ይፋ ሲሆን ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በዕለቱ ለእንግዶቹ ያስተዋወቃቸው ግን የለም። ላይኛው ወንበርማ ዛሬ እየተያዘ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምን እንዲመሩ ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም. ተሾሙ። በ1865 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ያ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዋን ሴት ዋና ጸሐፊ አገኘ። ኅብረቱ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ከዓለም ወንዶች 70፣ ከሴቶች 65 በመቶው ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። መጠቀም ሌላ፣ ክሪምፐር መጨበጥ ሌላ።

ማሠልጠኛዎችን የምጠይቀው ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው፦ በየሃያ ደቂቃው ቦታ አቀያይሩን። (ከምሽቱ ሁለት ተኩል ላይ ስንለቀቅ ያለው የታክሲ ሰልፍ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።)

ለአሠልጣኛችን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሰዓቱን አየና "ተቀያየሩ!" አለ። ኪቦርዱን ያዝኩ፣ ጎረቤቴ ደብተር ገለጠ። የጻፈውን እስካሁን ማንበብ አልቻልኩም።

የማታ ተማሪዋ፣ ከአራት ኪሎ