ዮዮ ላይ ሴራሚክ ኩሽኔታ፦ ገንዘባችሁን ቆጥቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዮዮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ሴራሚክ ኩሽኔታ የገጠመ ሰው ዮዮው ቶሎ አይቆምበትም» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። ጀማሪ አንባቢ ይህን አምኖ ገንዘቡን ይዞ እንዳይሮጥ ብዬ ነው የምጽፈው።

ኩሽኔታ ማለት ዮዮው መሃል ዘንጉ ላይ የሚገጠመው፣ ክሩ የሚያርፍበት ተሽከርካሪ ቀለበት ነው። ገበያ ላይ ሴራሚክ የሚባለው አብዛኛው ግማሽ ሴራሚክ ነው። የውስጥና የውጭ ቀለበቱ ያው ብረት ነው፤ ሴራሚክ የሆኑት መሃል ላይ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ኳሶች ብቻ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም የሚሠሩት ከሲሊከን ናይትራይድ ነው። ከብረት ይጠነክራሉ፣ ክብደታቸው ከብረቱ ግማሽ አይሞላም፣ ዝገት አያውቃቸውም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ሳያቋርጥ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚዞር የማሽን ዘንግ ትልቅ ጥቅም አለው። ዮዮ ግን ከእጅ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ደግሞ የሚያስቆመው በአብዛኛው ኩሽኔታው ሳይሆን ክሩ የዮዮውን ግድግዳ እየነካ ሲፋተግ ነው። አወራወራችሁ ትንሽ ከተጣመመ የፈለገው ኩሽኔታ አያድናችሁም። ክብደቱ ወደ ጠርዙ የወጣ ዮዮና ቀጥ ያለ አወራወር ከየትኛውም ሴራሚክ ይበልጣሉ።

አሜሪካዊው ዮዮ ሠሪ ቶም ኩን እ.ኤ.አ. በ1990 ኤስቢ-2 የተባለውን ባለ ኩሽኔታ ዮዮ ሲያወጣ ለውጡ የምር ነበር፣ ምክንያቱም ክሩ በቀጥታ ዘንጉ ላይ መፋተጉ ቀረ። ከብረት ወደ ሴራሚክ መሄድ ያን ያህል አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ ኩሽኔታውን እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ሰክቶ በጣቱ ፈተል ያደርግና «አየህ ስንት ሰዓት ዞረ!» ይላል። ባዶውን ነዋ! 65 ግራም ገደማ የሚመዝን ዮዮ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ሲዞር ሌላ ነገር ነው። ለኩሽኔታ ደረጃ የሚሰጠው ኤቤክ (ABEC) የሚባለው ቁጥርም የሚናገረው ስለ ልኩ ትክክለኛነት እንጂ ዮዮው ስንት ደቂቃ እንደሚዞር አይደለም።

ዮዮዬ ሰነፈ የምትሉ መጀመሪያ ያላችሁን ኩሽኔታ ከዮዮው አውጥታችሁ አጽዱ። የኩሽኔታውን ክዳን የያዘችውን ቀጭን ሽቦ በመርፌ ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡ፣ ክዳኑን አንሱ፣ ከዚያ ኩሽኔታውን አሴቶን ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ነቅነቅ አድርጉት (መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብም እንዳትሞክሩት)። የክር ብናኝ ከአሮጌ ዘይት ጋር ተቦክቶ የሠራው ጥቁር ቆሻሻ ሲወጣ ታያላችሁ፣ ችግሩ እሱ ነበር። በደንብ ከደረቀ በኋላ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ካበዛችሁት ዮዮው ሳትጠሩት እጃችሁ ላይ ተመልሶ ይወጣል፣ ባይንድ (ክሩን አጥፎ ዮዮው ውስጥ በማስገባት ወደ እጅ መመለስ) ለለመደ ሰው ያበሽቃል።

ሴራሚክ ለማንም አይሆንም እያልኩ አይደለም። እጁ በጣም ለሚያልበው፣ ዘይት መቀባት ለሚሰለቸው ሰው ግማሽ ሴራሚኩ ይመቸዋል፣ ሳይቀባም ይሠራልና፤ ጫጫታው ግን ከፍ ሊል ይችላል። ቀለበቱም ሴራሚክ የሆነውን ግን ተዉት፣ ዮዮው ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የተረፈ ገንዘብ ካላችሁ ክር ግዙበት። እሱ እንደሆነ ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

ዮዮ ወዳድ አንባቢያችሁ