ከኮምቦልቻ፣ ፎቶአቸውን ስለላክህልኝ ብረቶች

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ዘመን መጥፋቴን ይቅር በለኝ። ስለ ናፍቆታችን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ግን ከእርሻህ በብረት መፈለጊያ አውጥተህ ምንነቱን የጠየቅኸኝ ነገር አስጨንቆኛል።

ያ እዚህም እዚያም ቀይ ቀለም የቀረበት፣ በጭብጥ የሚያዝ ድቡልቡል ጣሳ የጣሊያን የእጅ ቦምብ ይመስላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ይዞት የመጣው ዓይነት አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ አይዝግም፣ ማግኔትም ላይስበው ይችላል። «ማግኔት ካልሳበው አያሰጋም» የሚለው የገበሬ ፈተና እዚህ ላይ ሰው ያስፈጃል። በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ እንዲፈነዳ የተሠራ ስለሆነ፣ ተወርውሮ ሳይፈነዳ የቀረው ትንሽ ንቅናቄ ሊበቃው ይችላል። ማሳው ላይ ከሆነ አትንካው፤ ከሩቅ ምልክት አድርግ፣ ልጅና ከብት አርቅ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ንገር። ቤት አስገብተኸው ከሆነም መልሰህ አታውጣው፤ ሰዉን አስወጥተህ ፖሊስ ጥራ። ለቆራሌው ወይም ለቀጥቃጩ እንዳይሰጥብህ አደራ! ደሴ በኅዳር 1928 ከአየር ተደብድባለች፣ በሚያዝያ 1933 ጣሊያን ሲለቃት ጦርነት ነበር፣ በ2014ም እንደገና። ስለዚህ የብረት መፈለጊያው በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ እጅ።

ቀለሆቹ፣ የተተኮሱት ጥይቶች ባዶ ቀፎዎች፣ ቀላል ናቸው። 39 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ማግኔት የሚስበው የክላሽ ነው። 52 ሚሊ ሜትር የሆነው ናስ የጣሊያን ጠመንጃ፣ ወፈር ብሎ ቂጡ ላይ ከንፈር ያለው ደግሞ የውጅግራ፣ የድሮው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ሊሆን ይችላል። ጥይቱ ጫፉ ላይ ካለ ቀለህ አይደለም፤ እንደ ቦምቡ ቁጠረው።

የዛገው ቀለበት ወገል ነው፤ ማረሻና ድግር የሚያያዝበት።

አረንጓዴ ያወጣው ክብ ብር ግን ልብ ይስባል። ማርትሬዛ፣ ድሮ የምንገበያይበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ከሆነ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ነው። 1780 የሚለው ዓመት ዕድሜውን አይነግርህም፤ ኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። ጠርዙን እይ፤ እውነተኛው ላይ ጎላ ያለ ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል፣ በቅርጽ የፈሰሰው ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ የለውም። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ በጌጥ ሠሪ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው፤ ብሩን በክር አንጠልጥለህ ታችም ጎንም ሳይነካ አጥልቀው። 28 ግራም የሚመዝነው ብር ሚዛኑ ላይ 2.7 ወይም 2.8 ግራም ካሳየ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ 3.3 ገደማ ከሆነ ናስ፣ 2.5 ከሆነ እርሳስ ሳይሆን አይቀርም። በሎሚ ወይም በአሸዋ አትፈግፍገው፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል።

መፈለጊያው ባዶ መሬት ላይ የሚጮኸው አፈራችን ከጥቁር ድንጋይ ስለተፈጨ ነው፤ ስሜቱን ቀንስለትና ለመሬቱ እንደገና አስተካክለው። ጥንታዊ የሚመስል ነገር ከወጣ ደግሞ መቆፈሩን አቁም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታህ ነው።

ቦምቡን ፖሊስ እንዳነሳው ጻፍልኝ፤ እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድምህ