ርካሹን መግዛት ለምን ከበደን? ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለጥበብ ትምህርት የሚያስፈልጉ ቀላል ዕቃዎችን ግዥ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ችግሩ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። የየትኛውም ክልል የሳይንስ መምህር ቢያነበው "የእኛም ቤት ይኸው ነው" እንደሚል አልጠራጠርም። የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ሲባጎ መግዛት እንድንችል ነው።

ማንኛውንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ "የመሬት ስበት ስንት ነው?" ብለው ቢጠይቁት "9.8" ብሎ ይመልስልዎታል። ቁጥሩን ራሱ ለክቶ ያገኘ ተማሪ ግን ማግኘት ይከብዳል። ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ከምናምን ሲባጎ፣ አንድ ድንጋይና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል አምስት አምስት ሆኖ ሲቀመጥ አሥራ ሁለት ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን ድንጋዩን በአንድ ሜትር ሲባጎ አንጠልጥሎ ያወዛውዛል። ሰዓት የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው። "ጀምሩ!" ይላል። ከ60 ሰከንድ በኋላ "በቃ!" ድንጋዩ ሄዶ የተመለሰውን ይቆጥራሉ። ብዙው ቡድን 30 ይላል፤ ከሲባጎው ርዝመትና ከምልልሱ ቁጥር ስበትን በሚያወጣው ቀመር ሲሰላ 9.87 ይመጣል። ያኔ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር በገዛ እጃቸው አወጡት!

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የተሳሳተው ቡድን ነው። 28 ቆጥሮ 8.6 ያገኘ ቡድን አይጠፋም። "ቆጠራ ዘላችሁ ነው" ይሏቸዋል። "አልዘለልንም!" ይላሉ። ክርክሩ ይጦፋል። ሲባጎው እንደገና ሲለካ ሜትሩን የለኩት እስከ ቋጠሮው ድረስ ሆኖ ይገኛል። ድንጋዩ ከቋጠሮው በታች ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ተንጠልጥሏል። ስህተት ከየት እንደሚመጣ የተማሩት ያን ቀን ነው። ይህን በጠመኔ ማስተማር አይቻልም።

ለኬሚስትሪ ባልደረባዬ ካርካዴ በቂዋ ነው። የፈላው ካርካዴ ሎሚ ሲጨመርበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ በዓይን ታዩ ማለት ነው። የሙዚቃ መምህሩ መሰንቆውን ይዞ ፊዚክስ ክፍል ቢገባ ደግሞ የድምፅን ምዕራፍ በግማሽ ክፍለ ጊዜ እንጨርሰዋለን። ክሩን መሀሉ ላይ በጣት ሲይዙት በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ልጆቹ የሚያውቁት ድምፅ ነው፣ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገራቸውም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ክር እየቆጠረ የሚያወጣው ጥለትም ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ሲገለበጥ የጂኦሜትሪ ትምህርት ነው።

ሁሉም ነገር ከወዳደቀ ዕቃ ይሠራል አልልም። ጠንካራ አሲድ የሚነካ ተማሪ መነጽርና ጓንት ያስፈልገዋል፣ ደህና ማይክሮስኮፕም ምትክ የለውም። ለእነሱ በጀት መያዝ አለበት። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው፣ በጣም ብዙ ስለሆነው ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን አንሠራውም? እዚህ ላይ ነው የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገን።

ሲባጎ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖልና ሽቦ ለመግዛት የግዥ ጥያቄ ይጻፋል። ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ይሰበሰባል። ሻጩ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። ዕቃው ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ወደ ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ወጪ ይሆናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ማግኔት ያለው የተበላሸ ስፒከር፣ የድሮ ሞተርና ቆርቆሮ ሞልቷል። ፕሮፎርማ የሚሰጥ ግን ከየት ይመጣል? የሰፈር ባለሱቅም አይሰጥም። ሒሳብ ሹሙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ መምህሩ ወይ ከኪሱ ያወጣል፣ ወይ ይተወዋል። የመምህር ደመወዝ የት እንደሚደርስ እርስዎ ያውቃሉ። አብዛኛው ይተወዋል።

ከውጭ የመጣ ውድ የቤተ ሙከራ ዕቃ ግን ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው፣ አስመጪው ራሱ አዘጋጅቶ ያመጣዋል። ከዚያ ይገዛና "እንዳይሰበር" ተብሎ ይቆለፍበታል። አሠራራችን ርካሹን ከውዱ በላይ ለመግዛት አስቸጋሪ አድርጎታል።

ውድ ዕቃ ብቻውን እንደማያስተምር ደግሞ በፕላዝማው፣ በየክፍሉ በተተከለው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ አይተናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። ልጅ ባይገባው መምህሩ ማቆም አይችልም፣ ስርጭቱ ይቀጥላል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ነበር። መምህሩን ግን ዳር አቆመው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ ደስ ይላል። ፈተናው ኩረጃ እንዲቀር መደረጉንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ድንጋይ አንጠልጥሎ የቆጠረና ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ ልዩነታቸው አይታይም። ወላጅም "ልጄን ለፈተና አዘጋጅልኝ፣ ጨዋታውን ተወው" ይለናል።

ስለዚህ ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከክልል ፋይናንስ ቢሮዎች ጋር ተነጋግራችሁ ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለጥበብ መምህራን በየሴሚስተሩ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ የሚፈቅድ መመሪያ አውጡልን። ያለ ፕሮፎርማ፣ በሁለት መምህራንና በርዕሰ መምህሩ ፊርማ የሚወራረድ ይሁን። ማስረጃው ሙከራው በክፍል ሲሠራ የተነሳ ፎቶና የተማሪዎቹ የልኬት ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። መጠኑን እናንተ ወስኑት። አጥፊ ቢገኝም በዚያችው ትንሽ ገንዘብ ይጠየቅ፤ እሱን ፈርተን ሁሉንም አንዝጋ።

ከተከታታይ ምዘናው ላይ ለተግባር ሥራ የተለየ ነጥብ ይኑር። በብሔራዊ ፈተናውም የልኬት ሠንጠረዥ ሰጥቶ "የቱ ቡድን ተሳሳተ? ለምን?" የሚል ጥያቄ ይግባ። እሱ በምርጫም ይሠራል። የፈጠራ ሥራ አውደ ርዕዩ ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠቅመው ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ጎበዝ ልጆችን ነው። የቀሩት አንድ ሺህ ተማሪዎችም እጃቸው አንድ ነገር ይንካ።

ለአገር አቀፍ መመሪያ ጊዜ ያስፈልጋል ከተባለ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ሴሚስተር ይሞከር። ወረዳውን ስትመርጡ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች