ቅጠሉ ተመለሰ ማለት ደኑ ዳነ ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሰሜን ስካንዲኔቪያ ደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን በትል የተበላው በርች የሚባለው ዛፍ በዚያው ዓመት ቅጠል ስላበቀለ ደኑ ምንም አልሆነም የሚለውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ ነው፤ እዚህ ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ጥፋቱን የሚያደርሱት በዋናነት ሁለት ዓይነት የእሳት እራቶች ናቸው። እንቁላላቸውን ቅርንጫፍ ላይ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ብርዱን እዚያው ያሳልፍና ቡቃያው ሲፈነዳ ይፈለፈላል፤ ቅጠሉን የሚበላው ትል ከእሱ የሚወጣው ነው። ተምች ማሳ ሲወር ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አይስተውም፤ እዚህ ግን የሚራቆተው ተራራ ሙሉ ደን ነው። በየ10 ዓመቱ ገደማ በብዛት ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በተከታታይ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የበርች ደን ጎድቷል።

ያ እናንተ ያያችሁት ሁለተኛ ቅጠል ከየት መጣ? ዛፉ ካጠራቀመው ምግብ ነው የመጣው። አብዛኛውን ጊዜ አነስ ያለ ቅጠል ነው፣ የሰሜኑ ሞቃት ወቅት ደግሞ አጭር ስለሆነ ያወጣውን ሳይተካ ብርዱ ይመጣል። ግንዱ ሲቆረጥ፣ ዛፉ በየዓመቱ ሲያድግ በሚጨምራቸው ቀለበቶች ላይ ይታያል። የወረርሽኙ ዓመት ቀለበት በጣም ቀጭን ነው፣ የሚቀጥሉትም ቶሎ አይሰፉም። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ዛፍ ለዓመታት ማደግ አቅቶት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሁለትና ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተበላ ደግሞ ግንዱ ራሱ ይሞታል።

ድሮ ብርዱ ያግዝ ነበር። ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንቁላሉ ይሞታል። ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት የሸለቆ ግርጌ ላይ ያሉ ዛፎች ብዙ ጊዜ የሚተርፉትም ለዚህ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ብርድ እየቀነሰ ነው፣ የእሳት እራቶቹም ቀድሞ ወደማይደርሱበት ቦታ እየገቡ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተራራ በርች ግንዱ ቢሞትም ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ ተስፋው እሱ ነው። ያንን ቀንበጥ በሞቃቱ ወቅት ሬንዲሮች (እዚህ እንደ ከብት የሚረቡ የቀዝቃዛ አገር አጋዘኖች) ይበሉታል። በብርዱ ወራት ከሆነ የሚሰማሩት ቀንበጡን በረዶ ይሸፍነዋል፣ ቅጠልም የለውም። በፊንላንድ ኡትስዮኪ እ.ኤ.አ. በ1965 እና 1966 ተበልቶ የደረቀው ደን ሰፊ ክፍሉ እስካሁን አልተመለሰም፣ ዛፍ አልባ ሜዳ ሆኗል። ለዚህ ግጦሹ ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህን የምለው ሬንዲር የሚያረቡትን ሳሚዎች፣ የዚህ አካባቢ ነባር ሕዝብ፣ ለመውቀስ አይደለም። ኑሯቸው ሬንዲር ነው፣ የግጦሽ መሬታቸውም በመንገድና በማዕድን እየጠበበ ነው። የተጎዳው ቦታ ቀንበጡ ከሬንዲር አፍ በላይ እስኪያድግ በሞቃቱ ወቅት ይረፍ ከተባለ፣ አርቢዎቹ ሌላ መሰማሪያ ማግኘት አለባቸው። ብርዱን መመለስ አንችልም፣ ይሄ ግን በሰው እጅ ያለ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስትጽፉ እባካችሁ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ቀለበቱንና ቀንበጡን እዩ፣ አርቢዎቹንም አነጋግሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ኖርዌይ