አሮጌዋ ሚኒባሴ ተወደደች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን የተወራው ስለ ቤት መኪና ብቻ ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሁለት አሮጌ ሚኒባሶች ዳቦ ጭነው ከግቢዬ ይወጣሉ። አንዷ ስትነሳ ጥበቃው ጋቢውን አፍንጫው ላይ ይጠቀልላል፤ ጭሷ እስኪበተን የበሩ አምፖል አይታይም። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣማ ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ይረግመኛል፣ አውቃለሁ።

በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። እሰየው። ግን ክልከላው የሚሠራው ጉምሩክ በር ላይ ነው፤ ቀድሞ የገባውን ማንም አልነካውም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለፈው ወር አንድ ደላላ መጥቶ ለዚችው ለምታጨሰዋ መኪናዬ ከገዛሁበት በላይ ዋጋ ጠራልኝ። ትሰናበት የተባለችው አሮጊት እንደ ሙሽራ ተፈለገች!

እኔ የምለው፣ ሕጉ ብዙ መኪና ያለውን ድርጅት በቀጥታ ይያዘው። ሃያ ሠላሳ መኪና ያሰለፈ አከፋፋይ፣ የውሃ ፋብሪካ፣ ሠራተኛ በሰርቪስ የሚያመላልስ መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥቱም ጭምር (እንዲያውም ከሱ ይጀመር)፣ በየዓመቱ ከሚተካቸው መኪኖች ይህን ያህሉ ኤሌክትሪክ ይሁኑ ተብሎ ግዴታ ይጻፍበት። የነዚህ መኪኖች መስመር የታወቀ ነው፣ ማታ ማታ ግቢያቸው ይገባሉ፣ ቻርጅ ሲደረጉ ያድራሉ። የእኔዋ እንኳ በቀን 60 ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ከረፋዱ በኋላ ቆማ ነው የምትውለው። ናፍጣው በጅቡቲ በኩል በዶላር ይመጣል፤ መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፣ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል።

ታዲያ ለትንሹ ነጋዴ ግዴታውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡብን። የኤሌክትሪክ ቫን ልግዛ ብዬ አንድ ባንክ ብድር ጠይቄ ነበር። ልጁ ትሁት ነው፣ ቡና ሁሉ አስመጣልኝ። «ጋሼ፣ ባትሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ ማን ይገምትልናል? ቤት ካለዎት በሱ ይያዝ» አለኝ። ዳቦ ቤቱ ራሱ ኪራይ ነው! የቻይናዋ ሼንዘን በፈረንጆቹ 2017 ከ16 ሺህ በላይ የከተማ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያደረገችው በትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ዳጎስ ያለ ድጎማ ከፍሎበታል። እኛ ድጎማው ቢቀር መኪናዋ ራሷ መያዣ ትሁንልን።

ለደላላው እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። ብሸጣትም ያው ሌላ ሰፈር ሄዳ ነው የምታጨሰው።

አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከጉለሌ